ባትሪው አልሞተም
የታናሽ ወንድሜ ስልክ ጠዋት 100% ሞልቶ ለምሳ አይደርስም ነበር። ሩት አድርጎ (የሲስተሙን ሙሉ ፈቃድ ከፍቶ) ካስተም ሮም (ከአምራቹ ውጪ የተሠራ የአንድሮይድ ሲስተም) እና አዲስ ከርነል (ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ጭኖበታል፤ ፕሮሰሰሩንም ከፋብሪካው ልክ በላይ ያስሮጠዋል። «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረው» ብለውታል። እኔ ግን ብር ከማውጣት በፊት ሴቲንጉ ይታይ ባይ ነኝ።

ዛሬ አብረን ፈተሽነው። የሲፒዩ ገቨርነሩ፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነው ሴቲንግ፣ ሁልጊዜ በከፍተኛ ፍጥነት በሚያስሮጠው «ፐርፎርማንስ» ላይ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶም ፍጥነቱ አይወርድም፤ ጀርባው ይፋጃል። ፍጥነት ሲጨመር ቮልቴጅም ይጨመራል፣ የኃይል ፍጆታው ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል። ለትንሽ ፍጥነት ብዙ ባትሪ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ገቨርነሩን ፍጥነቱን እንደ ሥራው መጠን ከፍ ዝቅ ወደሚያደርገው «ስኬድዩቲል» ቀየርን፣ ፍጥነቱንም ወደ ፋብሪካው ልክ መለስን። አንዱ ሞድ (ሲስተሙ ላይ የተጨመረ ማሻሻያ) ደግሞ በዌክሎክ፣ ማለትም ስልኩ እንዳይተኛ በሚያግድ ትዕዛዝ፣ እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል፤ አጠፋነው። ማታ ላይ ስልኩ ቀዝቅዟል፣ ባትሪውም ከግማሽ በላይ አለው። ሮሙ ግን ይቆይ ብያለሁ፤ ወደ ፋብሪካው ሲስተም ቢመለስም አዲስ ነገር አያገኝም፣ አምራቹ ለዚህ ሞዴል አፕዴት መልቀቅ ካቆመ ቆይቷል።