የክሮይክ መስኮት

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ ስኮትላንዳዊት ናቸው። ዛሬ ክሮይክ ወሰድኳቸው። በሰሜን ስኮትላንድ ተራሮች መሃል ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። የአባታቸው ወገን ከዚያው አጠገብ፣ ከግሌንካልቪ ሸለቆ ነው።

የመቃብር ድንጋይ ስናነብ ቆይተን ወደ መስኮቱ ጠሩኝ። በ1845 እ.ኤ.አ. መሬቱ ለበግ እርባታ ሲፈለግ ጭሰኞቹ ተነቀሉ። መሄጃ ያጡት ቤተሰቦች እዚህ የመቃብር ግቢ ውስጥ ተጠለሉ። መስታወቱ ላይም ከውጭ በኩል ጭረው ጻፉ። እስካሁን ይነበባል። አንዱ «የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉው ትውልድ» ይላል።

ክፉው ማን? የተባረሩት! የደረሰባቸውን መከራ የኃጢአታቸው ቅጣት አድርገው የቆጠሩት ይመስላል። አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው። ደግሞ አፋቸውን የፈቱት በጌሊክኛ ሆኖ ሳለ የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ምናልባት አላፊ አግዳሚው እንዲያነብላቸው ይሆናል።

ስኮትላንድ ውስጥ ልደትና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ ግዴታ የሆነው በ1855 ነው። ከዚያ ወዲህ የሞተ ሰው መዝገቡ ላይ የእናት የአባቱ ስም አብሮ ይሰፍራል። ከዚያ በፊት አገር ጥሎ የሄደውን ግን ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው። ጎረቤቴ ቤተሰባቸውን በ1841ዱ የሕዝብ ቆጠራ አግኝተዋል፤ በ1851ዱ ላይ የሉም። የኛ አያቶች ሰባት ቤት በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር፤ እኚህ ሴትዮ አራተኛውን ፍለጋ በየመዝገቡ ይንከራተታሉ።

አሁን ፊታቸውን ወደ ካናዳ መዝገቦች አዙረዋል። የይለፍ ቃላቸው ስለጠፋባቸው ነገ ማታ ቡና ይዤ እሄዳለሁ።