ሽሮ የተከለከሉት እናት

የሁዳዴ ጾም ወቅት ነበር። አንዲት የ78 ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው ድንገተኛ ክፍል መጡ። ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ ቆዳው ተወጥሯል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ትኩሳታቸው 38.4 ነው። ልጅየው ገና ሳይቀመጥ የአንድ ክሊኒክ ወረቀት አቀበለኝ። በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ 7.6 ይላል፤ ከፍ ያለ ነው። ከሥሩ በእስክሪብቶ «ሪህ» ተብሎ ተጽፏል። ትእዛዙም አለ፦ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ በመርፌ በየቀኑ፣ ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰው አሎፑሪኖል 300፣ ሥጋና ጥራጥሬ ክልክል።

«እማማ፣ ሥጋ ያዘወትራሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«በሁዳዴ?» አሉና አማተቡ። «ኧረ ልጄ፣ በፍስኩም ከስንት አንዴ ነው የምቀምሰው። እነሱ ግን ደብቃ በልታ ነው ይሉኛል።»

«ታዲያ አሁን ምን ይመገባሉ?»

«ምን ቀረልኝ? ሽሮውንም ምስሩንም ከለከሉኝ። ጎመንና ድንች ነው። ሽሮ አማረኝ ስል ልጆቼ ይቆጡኛል።»

ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ትከሻቸው አጥንቱ ወጥቷል። ጉልበታቸውን ትቼ ለጥቂት ጊዜ ያየሁት እሱን ነበር። በጣም ተናደድኩ።

ሪህ የዩሪክ አሲድ ክሪስታል መገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች የሚመጣ በሽታ ነው። በዩሪክ አሲድ ቁጥር ብቻ ግን ማንም ሰው ሪህ አለበት አይባልም። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ዕድሜ ልኩን ሪህ የማይነካው ሰው ብዙ ነው። ሪህ ተነሥቶበት በዚያው ሰዓት ቁጥሩ ልክ የሚሆንም አለ። እኚህ እናት ደግሞ ለግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። እሱ ራሱ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ኩላሊት ሲደክምም ይጨምራል። ኩላሊት ሲደክም ከፍ የሚለው ክሬአቲኒናቸው 2.1 ሆኖ መጣ። ከመርፌዎቹ በፊት ለግፊት ክትትል ሲሠሩ 1.1 ነበር። ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

ራጁ ላይ በጉልበቱ ካርቲሌጅ (ልስልስ አጥንት) ውስጥ ቀጭን ነጭ መስመር ታየኝ። ካልሲየም ነው። ከሪህ ሌላ ነገር ጠረጠርኩ። ግን በራጅም ቢሆን አይፈረድም፤ በዚህ ዕድሜ ምንም ሳያማቸው መስመሩ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። ፈሳሹ መቀዳት አለበት።

ልጅየው ፈራ። «ዶክተር፣ ውሃው አንዴ ከተቀዳ ይለመዳል ይላሉ። ሪህ መሆኑስ ታውቆ የለም እንዴ?»

«አልታወቀም» አልኩት። «ሪህ ሊሆን ይችላል። ሌላ ክሪስታል ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም። ኢንፌክሽን ከሆነ ግን መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ያበላሻል፣ ሕይወትም ያሳጣል።»

እናትየው ቀደሙት። «አንተ ዝም በል። ጉልበቱ የኔ ነው። ቅዳው ልጄ።»

የደፈረሰ ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ሲቆይ ስለሚበላሽ ራሴ ይዤው ወደ ላብራቶሪ ሮጥኩ። ክሪስታሎችን በልዩ ብርሃን የሚለየው ፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ የለንም። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ግን በተራው ማይክሮስኮፕ ታግሣ ፈለገች። የሪህ ክሪስታል እንደ መርፌ ረጅምና ሹል ነው። እሷ ያሳየችኝ አጫጭር፣ ጎናቸው የተንጋደደ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ገብተዋል። ካልሲየም ፓይሮፎስፌት። እነ ዳንኤል ማካርቲ በ1962 እ.ኤ.አ. «ሐሰተኛ ሪህ» ብለው የገለጹት ይህንን ነው። የሽማግሌዎች በሽታ ነው። ጉልበትና የእጅ አንጓ ይወዳል። ከሥጋም ከሽሮም ጋር ጉዳይ የለውም። አሎፑሪኖልም አይነካውም፤ ይህን ክሪስታል የሚያሟሟ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ክሪስታል ተገኘ ማለት ግን ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ጀምረን፣ ፈሳሹ ባክቴሪያ ያበቅል እንደሆነ የሚያሳየውን የካልቸር ምርመራ ጠበቅን። ምንም አላበቀለም። አንቲባዮቲኩን አቁመን ስቴሮይድ ጉልበታቸው ውስጥ ወጋን። ለኩላሊታቸው ስል፣ እንዲህ ያለውን እብጠት የሚያስታግሰውን ኮልቺሲን አልሰጠሁም። ዳይክሎፌናኩና አሎፑሪኖሉ ቆሙ፣ የግፊት መድኃኒታቸውም በአምሎዲፒን ተተካ። በማግስቱ ሽንት ቤት በእግራቸው ሄዱ።

ሲወጡ ልጅየው «ሽሮ መብላት ትችላለች ብለህ ጻፍልኝ፣ እህቶቼ እኔን አያምኑኝም» አለኝ። ጻፍኩለት፣ ማኅተምም አስመታሁበት። ነገሩ እውነተኛ ሪህ ቢሆን ኖሮም ሽሮ አልከለክላቸውም ነበር። ጥራጥሬ እንደ ሥጋና እንደ ቢራ ሪህ እንደሚያመጣ በረጅም ጊዜ ጥናት አልታየም። ከዓመቱ ግማሹን ለሚጾም ሰው ጥራጥሬ ከለከሉት ማለት ምግብ ከለከሉት ማለት ነው።

ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «ዶክተር፣ ዩሪክ አሲድ ካላዘዝንለት እኮ በሽተኛው ራሱ ሌላ ጋ ሄዶ ያሠራል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ይጠይቃል። የእናትየው ክሬአቲኒን ግን በክትትል 1.5 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ አልወረደም። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ሽማግሌ ሰው ጉልበቱ አብጦ ሲመጣ እንዲልክልኝ፣ ኩላሊቱን ሳያይም ዳይክሎፌናክ እንዳይወጋ ለመንኩት። እሺ ብሎኛል።