ቡና የተቀባው ፕሪንት

ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። የስዕል አስተማሪ ናት፣ ትርፍ ሰዓቷን ደግሞ በታብሌት ትስላለች። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ፣ ቅርንጫፉ ላይ የቀላ የቡና ፍሬ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር የቆመ ልጅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምትስለው። ስዕሉን እኔ የምሠራበት ፕሪንት ቤት ታሳትምና ቤቷ ወስዳ እየቀደደች ወፍራም ደብተር ላይ ትለጥፈዋለች። በላዩ ላይ የጆንያ ቁራጭ፣ ክር፣ የድሮ ደረሰኝ፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ ትጨምርበታለች። አርት ጆርናል ይሉታል። ዲጂታሉ፣ እጅ ሥራው፣ ቁርጥራጩ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ የሚገናኝበት ነው።

በመጨረሻ ገጹን ቀለም ታለብሰዋለች። ቀለሙ ታዲያ ከሱቅ የተገዛ አይደለም፣ ቡና ነው። ወፈር አድርጋ ታፈላውና ሲቀዘቅዝ በብሩሽ ታስኬደዋለች። ጅማ ተቀምጦ ቡናማ ቀለም መግዛት ነውር ነው ትላለች።

የቡናውን ነገር እኛ አናውቅም ነበር። ማንስ ጠየቃት?

ነገሩ የሆነው ሰኔ ላይ ነው። ጅማ ሰኔ ላይ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቃል። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ይሄዳል፣ ወረቀት ሁሉ እርጥበት ይጠጣል። ተመራቂው ደግሞ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ በር ላይ ተሰልፏል። እኔ ባይንዲንጉ፣ ማለትም ጥረዛው ላይ ነበርኩ፣ ቀና የማለት ጊዜ እንኳ አልነበረኝም። ጄኔሬተር ላይ ነን። ጄኔሬተራችን ትንሽ ናት፣ ኮምፒውተሩንና ኢንክጄት የምንለውን ባለ ቀለም ታንክ ፕሪንተር ትችላለች። ሌላውን ማሽን፣ ባለ ቀለሙን ሌዘር ፕሪንተር ስናበራባት ግን ታጓራና ጸጥ ትላለች። ሌዘር የቀለም ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥበት ማሞቂያ አለው፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ነው፣ መብራት ይበላል።

ስለዚህ የቲቸርን ስዕሎች ጋሼ ራሳቸው ተቀምጠው በኢንክጄቱ አወጡላት። ጋሼ የሱቁ ባለቤት ናቸው። ፕሪንቱም እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። ከፍላ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ በዝናቡ መሃል ሮጣ ሄደች።

ከቀናት በኋላ ተመልሳ መጣች። ሰላምታዋ አጭር ነበር። ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ። ይሄ ምንድን ነው?»

አየን። የሰገነቱ መስመር ጥቁር ነበር፣ አሁን ግን ጥቁር አይደለም። ቡናው በነካው በኩል ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሮዝ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ተበትኗል። ጥቁሩ ከምን ከምን እንደተቀመመ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቡናው ፍሬ ቀለም ቅጠሉ ላይ ፈስሶ ቅጠሉን የበሰበሰ አስመስሎታል። ኮላው የበዛበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ተጨማዷል።

ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን አፈሰስሽበት?»

«ቡና ቀባሁበት።»

«ቡና? ቲቸር፣ እኔ የሸጥኩልሽ ፕሪንት ነው። ቡናውን ጠጪው እንጂ ምን ብለሽ ቀባሽው?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችና ሌላ ገጽ አሳየችን። እሱም እኛው ጋ የታተመ ነው፣ ቡና ተቀብቶ ደርቋል፣ አንድም መስመር አልተንቀሳቀሰም። «ይሄስ? ያው ሱቅ፣ ያው ቡና።»

ጋሼ መልስ አጡ። እኔ ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብዬ አየሁት። ጥቁሩ ያብለጨልጫል። በጥፍር ሲነካ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ይሰማል። ሌዘር ነው። የዚያን ጊዜ መብራት ነበረ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ፈሳሽ ቀለም የለውም። ቶነር የምንለው የደቀቀ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፣ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። ፕላስቲክ ደግሞ በውሃ አይሟሟም፣ ቡናም ብትቀባው ኮላም ብትለቀልቀው እዚያው ነው። ኢንክጄት ግን ፈሳሽ ነው የሚረጨው። ፈሳሹም ሁለት ዓይነት ነው። ዳይ የሚባለው ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ነው፣ ስለዚህ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲያገኝ ተነስቶ ይሄዳል። ፒግመንት የሚባለው ደግሞ ሳይሟሟ በፈሳሹ ውስጥ የተንሳፈፈ ብናኝ ነው፣ አንዴ ከደረቀ ውሃን በጣም የተሻለ ይቋቋማል፣ ፀሐይም ቶሎ አያደበዝዘውም። እኛ ታንኩ ውስጥ የምንሞላው ዳይ ነው፣ ምክንያቱም ርካሹ እሱ ነው። ለአሳይመንትና ለጉርድ ፎቶ ምን ጎደለው?

ጋሼ አሁንም ጥፋቱ የእሷ ነው ይላሉ። «ውሃ እንደምታስነኪው ልትነግሪን ይገባ ነበር።» እኔ የምፈርደው ለቲቸር ነው። ደንበኛ የትኛው ማሽን ምን እንደሚረጭ ከየት ያውቃል? ማሽኑን የቀየርነው እኛ ነን፣ መቀየራችንን ያልነገርናትም እኛው ነን። ይህን ፊት ለፊት ለጋሼ ማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ስለዚህ «ጋሼ፣ እስቲ እንሞክረው» ብዬ ነገሩን ወደ ሥራ መለስኩት።

አንዱን ትንሽ ስዕል በሁለቱም ማሽን አወጣሁት። ዕድሜ ለዕለቱ፣ መብራት ነበር። በደንብ እስኪደርቁ ትንሽ አቆየናቸው። ከዚያ ቲቸር ጣቷን ሲኒዋ ውስጥ ነክራ ሁለቱንም አሸችው። የኢንክጄቱ ወዲያው ጣቷን ሐምራዊ አደረገው። የሌዘሩ ምንም አላለም። እንዲያውም ሌላ ነገር ታየ፣ ጥቁሩ ጠቆር ባለበት ቦታ ላይ ቡናው አልይዝ ብሎ እንክብል ሆኖ ቁጭ አለ። ፕላስቲክ ነዋ። እሷ ይህን ታውቀዋለች፣ ያቺ ደህናዋ ገጽ ላይም ገጥሟታል። ስዕሉን በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋ ታሸዋለች፣ ከዚያ ቀለሙ ይይዛል። ከመጠን በላይ ከታሸ ቶነሩ ይላጣል፣ ቢላጥም አሮጌ ግድግዳ ይመስላልና ትወደዋለች። ቶነር ሲታጠፍም ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ስዕሉ የደብተሩ ማጠፊያ ላይ ባያርፍ ይመረጣል።

የተበላሹት ገጾች ብዙ ስለነበሩ ነገሩ በአንድ ሙከራ አላበቃም። ገና ያልተለጠፉ ኢንክጄት ፕሪንቶች ነበሯት። እነዚያን መጣል አላስፈለገም፣ ሌዘሩ ላይ ከለር ኮፒ አደረግናቸው። ትንሽ ደብዘዝ ይላሉ፣ ግን ውሃ አይፈሩም። ሌላው አማራጭ ፕሪንቱን ከመለጠፍ በፊት ፊቱን በሚረጭ ቫርኒሽ መሸፈን ነው፣ ራቅ አድርጎ፣ ስስ ስስ እያደረጉና በየመሃሉ እያደረቁ። በብሩሽ የሚቀባ ቫርኒሽ አይሆንም፣ ብሩሹ ራሱ ቀለሙን ይጎትተዋል።

ኮላውን በተመለከተ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ቲቸር ስትሠራ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ነጩን የእንጨት ኮላ በውሃ አታቀጥነውም። ስስ አድርጋ ሁለቱንም ትቀባለች፣ የፕሪንቱን ጀርባና ገጹን። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ እየገፋች አየሩን ታስወጣለች። ላዩ ላይ የላስቲክ ወረቀት አንጥፋ ደብተሩን ትዘጋና ክብደት ትጭንበታለች። በሰኔ እርጥበት ሌሊቱን ሙሉ ተጭኖ ማደር አለበት፣ አንዳንዴ ጠዋት ሲከፈትም ገና ነው። ፕሪንቱን በመቀስ አትቆርጠውም፣ ትቀደዋለች። ወደ ራሷ ስትቀደው ጠርዙ ላይ ነጭ የወረቀት ስጋ ይቀራል፣ ቡናው ያንን ነጩን ሲጠጣ ስዕሉ ከገጹ ጋር የተዋሃደ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ስትቀድ ሳይ አንጀቴ ነበር የተላወሰው። ለነገሩ የሰው ፕሪንት በመቀስ እንኳ አጣምሜ አላውቅም!

ከዚህ በኋላ ሥራው ሱቁ ውስጥ ወሬ ሆነ፣ ጎረቤት ያሉት ተማሪዎችም መጠየቅ ጀመሩ። አብሮን የሚሠራው ልጅ ከሁሉ የባሰበት ነው። ቶነርን ከወረቀት ወደ ሌላ ነገር ማዛወር እንደሚቻል ከሰማ በኋላ አላረፈም። ዘዴው ቀላል ነው። የሌዘሩን ፕሪንት ፊቱን ኮላ በተቀባ ሰሌዳ ላይ ደፍቶ መለጠፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ጀርባውን አርጥቦ ወረቀቱን በጣት እያሹ ማንሳት። ወረቀቱ ይሄዳል፣ ቶነሩ ይቀራል። ልጁ የእህቱን ስም ከአበባ ጋር ጣውላ ላይ አወጣላት። አሪፍ ሆነ፣ ስሙ ግን የሚነበበው በመስታወት ነው። ሲደፋ እንደሚገለበጥ ረስቶ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድሞ አልገለበጠውም። እህቱ እንዲሁ ወስዳ ሰቅላዋለች አሉ።

ቲቸር ደግሞ ሌላ ቀን ሌላ ጉድ ይዛ መጣች። ወረቀቱን ቀድማ በቡና ነክራዋለች፣ «በዚህ ላይ አውጡልኝ» አለች። ስነካው ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ወረቀት ሌዘር ውስጥ ሲገባ ይጠቀለላል፣ ማሽኑ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ዱቄቱም በወጉ አይዝም። ጋሼ ከሩቅ አይተው «እንዳትሞክሩት!» ብለው ጮኹ፣ እዚህ ላይ እውነት ነበራቸው። ቤቷ ወስዳ አደረቀችው፣ በካውያ ተኮሰችው፣ ከዚያ ነው ያወጣንላት። ለኢንክጄት የተሠራ ፎቶ ፔፐርም እንዲሁ ነው። ሌዘር ውስጥ ከገባ ልባሱ ማሞቂያው ላይ ሊቀልጥ ይችላል፣ ያ ደግሞ ማሽኑን ይዞ ይሞታል።

ደንበኞችን ዛሬም የምጨቀጭቀው በቴሌግራሙ ነገር ነው። ስዕል በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨመቃል፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1,280 ፒክስል ዝቅ ይላል። ለጥሩ ሕትመት በኢንች 300 ፒክስል ብንወስድ ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ኤ4 ሙሉ ገጽ 2,480 በ3,508 ይፈልጋል። «በፋይል ላኪው» ስንል «ስልኬ ላይ እኮ ጥርት ብሎ ይታያል» ይሉናል። ስልኩ ላይማ ይታያል! ታብሌት ላይ የሚያንጸባርቀው ሐምራዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወጣ ፈዘዝ ማለቱ ግን የኛ ጥፋት አይደለም። ስክሪን ብርሃን ነው፣ ወረቀት ወረቀት ነው።

ሒሳቡ እንዴት እንደተዘጋ ልንገራችሁ። ጋሼ ገንዘቧን አልመለሱም። የተበላሹትን ግን በሌዘር በግማሽ ዋጋ አወጡላት፣ «ለቡናሽ ስል ነው» ብለው። እሷም ተቀበለች። አሁን ከለር የሚያሳትም ሰው ሲመጣ ከኮፒው ብዛት በፊት ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ «ምን አገባሽ?» በሚል ዓይን ያየኛል። በቀደም አንዱ የወንድሙን የሠርግ ፎቶ ውድ ነው ብሎ ሌዘር ካልሆነ አለኝ። መስታወት ውስጥ ገብቶ ሳሎን የሚሰቀል ነው፣ ውሃ የት ያገኘዋል? በኢንክጄት ፎቶ ፔፐር ላይ አወጣሁለት። ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ግድግዳ ላይ ስቀለው ብዬ ሸኘሁት።

ቲቸር መብራት በሌለ ቀን ከመጣች ፋይሉን ትታልን ትሄዳለች። ጋሼ ትልቅ ጄኔሬተር እገዛለሁ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል።