ሃክ ይቅርታ የጠየቀባት ገጽ

ትራክ ነው የምነዳው። ብዙ ጊዜ ሎድ የማነሣው ከኢሊኖይ ነው። ኢንተርስቴት 72ን ይዤ ሚሲሲፒን ሃኒባል ላይ እሻገርና ሚዙሪ እገባለሁ። ድልድዩ በደራሲው በማርክ ትዌይን ስም ነው የሚጠራው። ከተማዋ ውስጥ በእሱ ስም ያልተጠራ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ዋሻው ሳይቀር የእሱ ነው። ሰውየው ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። መጽሐፎቹ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ የሚላት ከተማም እሷው ናት።

እኔ ግን ለዓመታት ያንን ድልድይ ስሻገር የማስበው ስለ ሚዛን ጣቢያ ብቻ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቤተ መጻሕፍት አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቀን ላይ፣ የትዌይንን ሃክልቤሪ ፊን በአንድ ዶላር ገዛሁለት። ቀጭን ናት፤ ለልጆች አጥራ የተዘጋጀች። ሽፋኗ ላይ ወንዝ አለ፤ ጠፍጣፋ የግንድ ጀልባ አለ፤ ሁለት ሰዎች ዓሣ ያጠምዳሉ። በሁለት ቀን ጨረሳት። "እንዴት ነበረ?" አልኩት። "አሪፍ ነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ "አባዬ፣ ጂም ለምንድነው ዝም ብሎ ከሃክ ጋር የሚዞረው?" አለ።

ግራ ገባኝ። እኔ መጽሐፉን ድሮ፣ ይህን አገር ሳላውቀው ነው ያነበብኩት። ብዙውን ረስቼዋለሁ። ሃክ ነጭ ልጅ ነው፤ ጂም ጥቁር ሰው ነው። ቢሆንም ጂም ዝም ብሎ የሚዞር ሰው እንዳልሆነ አልረሳሁም። በባርነት የያዘችው ሚስ ዋትሰን በ800 ዶላር ወደ ኦርሊንስ ልትሸጠው እንደሆነ ሰምቶ የሸሸ ሰው ነው። ኢሊኖይ ያለችው ካይሮ ከተማ ደርሶ፣ ከዚያ በኦሃዮ ወንዝ ወደ ነጻዎቹ ግዛቶች ሊወጣ ነው ያሰበው። ሠርቶ ገንዘብ አጠራቅሞ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ከዚያ ልጆቹን ሊገዛ። ጌታቸው አልሸጥም ካለ ደግሞ የሚሰርቅለት ሰው ሊፈልግ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ማታ ልጁ ሲተኛ ያችን ቀጭን መጽሐፍ ገለጥኳት። የፈለግኩት የጭጋጉን ሌሊት ነው። ከሁሉም በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። አገኘሁት። ጭጋግ መጣ፤ ሃክና ጂም ተጠፋፉ፤ ሲነጋ ተገናኙ፤ ጉዞው ቀጠለ። አለቀ።

ሙሉው መጽሐፍ ላይ ይህ ምዕራፍ 15 ነው። ሃክ በታንኳ፣ ጂም በጠፍጣፋዋ ጀልባ ሆነው ጭጋግ ይለያያቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጯጯሁ ያድራሉ። ሃክ ሲደርስ ጂም ደክሞት መቅዘፊያው ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። ሃክ አጠገቡ ጋደም ይልና የተኛ መስሎ ይነሣል። ጂም በደስታ ሊያብድ ሲል፣ "ምን ሆነሃል? ምንም ጭጋግ አልነበረም፤ ሕልም አይተህ ነው" ይለዋል። ጂም ያምነዋል። ሕልሙን እንኳ ቁጭ ብሎ ይፈታዋል። ሲነጋጋ ሃክ ጀልባዋ ላይ የተከመረውን ቅጠልና ስባሪ እያሳየ፣ "ታዲያ ይሄስ ፍቺው ምንድነው?" ብሎ ይስቅበታል። ጂም ቆሻሻውን ያያል፤ ሃክን ያያል። ከዚያ ልቡ ተሰብሮ እንደነበረ፣ ሲያገኘው እግሩን ሊስም እንደደረሰ ይነግረዋል። ቆሻሻ ማለት ወዳጁን የሚያሳፍር ሰው ነው ብሎት ወደ መጠለያው ይገባል።

ሃክ ሄዶ ራሱን ዝቅ ለማድረግ 15 ደቂቃ እንደፈጀበት ይናገራል። ያውም ለጥቁር ሰው። ግን አደረገው፤ ከዚያ በኋላም አልጸጸተውም።

እንግዲህ መጽሐፉን ያሳጠረው ሰው ይህን ነው የቆረጠው። ምክንያቱ ይገባኛል። እዚህ ጋ ማንም አይሮጥም፤ ሽጉጥ አይተኮስም፤ ሀብት አይገኝም። ከጀብዱ አንጻር ሲታይ ሁለት ሰዎች ተኮራርፈው የሚቀመጡበት ገጽ ነው። ግን እሱ ሲወጣ ጂም ሻንጣ ሆኖ ይቀራል። ልጄ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ጥያቄው ግን ከመጽሐፉ ሳይሆን ከመቀሱ ነው የመጣው።

ከዚያ ወዲህ አባዜ ያዘኝ። የማልፍበት ከተማ ሁሉ አሮጌ መጽሐፍ ቤት ካየሁና ትራኩን የማቆምበት ካገኘሁ እገባለሁ። ባለቤቴ "አንድ መጽሐፍ ስንት ጊዜ ነው የሚገዛው?" ትላለች። አንድ አይደለም ብዬ ማስረዳት አቅቶኛል።

እዚህ ላይ ስለ ቶም ሶየር ትንሽ ልበል። ሃክ ፊን የዚህ መጽሐፍ ተከታይ ነው፤ ቶም ሶየር የወጣው በ1876 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ቶም አጥር ቀባ ሲባል ሥራውን ጨዋታ አስመስሎ፣ ልጆቹን ዕቃ እያስከፈለ ያስቀባበትን ታሪክ ያልሰማ የለም። እኔ የምወደው ግን ቶም ከልጆቹ ያገኘው ዕቃ ዝርዝር ነው። በሲባጎ የታሰረ የሞተ አይጥ፣ አንድ ዓይን ያላት የድመት ግልገል፣ ምንም የማይከፍት ቁልፍ፣ የውሻ አንገት ማሰሪያ ያለ ውሻ፣ አራት የብርቱካን ልጣጭ። የልጆቹ እትሞች ዝርዝሩን "ብዙ መጫወቻዎች አገኘ" ይሉታል። ግፍ ነው።

ለነገሩ ማጽዳቱን የጀመሩት የዛሬ አሳታሚዎች አይደሉም። ትዌይን ቶም ሶየርን መጀመሪያ ለአዋቂ ነበር ያሰበው። የልጆች መጽሐፍ ነው ብሎ ያሳመነው ወዳጁ ዊልያም ዲን ሃውልስ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱ ትዌይን ቃላት ሲለቅም ነበር። ሃክ ፀጉሬን "እስከ ሲኦል ድረስ" ያበጥሩኛል ብሎ የሚያማርርበት ቦታ ነበር፤ ሲታተም ሲኦሉ ወጥቶ ነጎድጓድ ገባ። ሃክ ፊን ሲመጣ ግን ያ ይሉኝታ የለም። በ1885 ማሳቹሴትስ ውስጥ የኮንኮርድ ቤተ መጻሕፍት አላስገባም አለው። ትዌይን ደስ አለው፤ ይሄ 25,000 ቅጂ ያሸጥልናል አለ።

ወደ ቃሉ ልምጣ። በእንግሊዝኛ በኤን የሚጀምረውን፣ ጥቁር የሚሰደብበትን ቃል ማለቴ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ አለ። ልጄን ሙሉውን ላነብለት ስቀመጥ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ልጄ እዚህ የተወለደ ጥቁር ልጅ ነው፤ ቃሉን ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ቃሉ ጋ ስደርስ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሦስት ገጽ ሳልሄድ፣ "አባዬ፣ ዝም ስትል እኮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ" አለኝ።

ለዚህ መፍትሔ ብሎ አንድ እትም የወጣው በ2011 ነው። አላባማ፣ ሞንትጎመሪ የነበረ ኒውሳውዝ ቡክስ የሚባል ማተሚያ ቤት ነው ያሳተመው፤ ያዘጋጁት አለን ግሪበን የሚባሉ የትዌይን ምሁር ናቸው። ቶም ሶየርና ሃክ ፊን በአንድ ጥራዝ ናቸው። ሃክ ፊን ውስጥ ያ ቃል 219 ጊዜ ወጥቶ በቦታው "ስሌቭ" ገብቷል። ጉድ ተባለ፤ ጋዜጣው ሁሉ ተንጫጫ። የፕሮፌሰሩ ምክንያት ግን የሚናቅ አይደለም። መምህራን በዚያ ቃል ምክንያት መጽሐፉን ጨርሶ ትተውታል፤ ከጭራሹ ከማይነበብ እንዲህ ይነበብ ነው ያሉት።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የሃክ አባት ሰክሮ መንግሥትን የሚራገምበት ቦታ አለ። ያናደደው ከኦሃዮ የመጣ አንድ ጥቁር ሰው ነው። ሰውየው ነጻ ነው፤ የኮሌጅ ፕሮፌሰር ነው፤ ብዙ ቋንቋ ያውቃል፤ አገሩ ላይ ድምፅም ይሰጣል። የሃክ አባት የሚያቃጥለው ሰውየው ባሪያ ስለሆነ አይደለም፤ ስላልሆነ ነው። ስድቡ ነጻውንም አይለቅም። ባርነት በወረቀት ይቀራል፤ ንቀቱ ግን ወረቀት አያነብም።

ደግሞ የእኛ ቋንቋ አለ። አንዳንዱን ቦታ በአማርኛ ነው የማስረዳው። "ስሌቭ" የሚለውን ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ "ባሪያ" ልል ነው። ዝም አልኩ። በእኛ አፍ ቃሉ የሰውየውን ሁኔታ ነው የሚናገረው ወይስ ስድቡን? ሁለቱንም። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለውና አንዱን በሌላው መተካት ይችላል። እኛ ጋ መተኪያውና የተተካው አንድ ናቸው። ይህንን ለልጄ ነገርኩት። ቃሉን እኛም እርስ በርስ እንደምንሰዳደብበት ስነግረው፣ "እኛስ ጥቁር አይደለን?" አለ። የዚያን ዕለት ንባብ በዚህ ቆመ።

አሁን የምናነበው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2001 ያወጣውን ነው። ከዚህ እትም በስተጀርባ ያለው ታሪክ ራሱ ጀብዱ ነው። የእጅ ጽሑፉ ግማሽ ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍቶ ነበር። በ1990 ሆሊውድ ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር በተቀመጠ ሣጥን ውስጥ 665 ገጽ ተገኘ። ዩኒቨርሲቲው ሙሉውን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ነው መጽሐፉን እንደገና ያዘጋጀው። በኤድዋርድ ኬምብል የተሣሉት የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎችም አሉበት። ሥዕሎቹን አልወደድኳቸውም። ኬምብል ለሁሉም ገጸ ባሕርያት ሞዴል ያደረገው አንድ ነጭ ልጅ ነበር፤ ለጂምም ጭምር። ያስታውቃል።

ትዌይን ለአሳታሚው ብሎ ያወጣው ረጅም ክፍልም ተመልሶ ገብቷል። ሃክ ካይሮ ስንት እንደቀረ ሊሰማ እየዋኘ ወደ አንድ ትልቅ የግንድ ጭነት ሄዶ ይደበቃል። እዚያ ሁለት የወንዝ ሠራተኞች ይፎክራሉ፤ አንዱ ድንገተኛ ሞት ነኝ፣ ሌላው የመቅሠፍት ልጅ ነኝ ይላል። በመጨረሻ አንድ አጭር ሰው ተነሥቶ ሁለቱንም ይቀጠቅጣቸዋል። ለእኔ ረዝሞብኛል። ልጄ ግን ፉከራውን በቃሉ ይዞ ኩሽና ውስጥ እናቱ ላይ ይፎክርባታል።

የጂምን አነጋገር ፊደሉን እያየህ ብቻ ካነበብከው አይገባም። ድምፅ አውጥተህ ስትለው ይገባል። እኔ በአክሰንቴ ሳነብ ልጁ ይስቅብኛል፤ ያርመኛል። በ2024 የወጣውን የፐርሲቫል ኤቨረትን "ጄምስ" ለብቻዬ ማታ ማታ ነው የማነበው። ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ጂም ነው። እዚያ ባሮቹ ነጭ ሲመጣ አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ ሌላ ይናገራሉ። ሽልማቱን እነናሽናል ቡክና ፑሊትዘር ሰጥተውታል። እኔ ግን ያሳቀኝ ሌላ ነው። ጭነት ከሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ጋር ስልክ ላይ የማወራበትን ድምፅ ባለቤቴ ብትሰማ ማነው ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ኢሊኖይ ውስጥ ትራክ ስቶፕ ቆሜ ነዳጅ ስቀዳ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ነው። ሳልመለስ አታንብብ ብዬው ነበር። አላስቻለውም፤ ምዕራፍ 31 ደርሷል። ሃክ ጂም ተሸጦ የተያዘበትን ቦታ ለሚስ ዋትሰን ለማሳወቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ያንን ካላደረገ ሲኦል እንደሚገባ ተምሯል፤ ያምናልም። ወረቀቱን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

"አባዬ፣ ቀደደው!" አለኝ እየጮኸ። "ሲኦል እገባለሁ ብሎ ቀደደው!"

"አየህ" አልኩት።

"አሁን ሄዶ ያስፈታዋል አይደል?"

ከዚህ በኋላ ቶም ሶየር ተመልሶ ይመጣል። ጂምን በአንድ ሌሊት ማስፈታት ሲቻል፣ ለጨዋታ ብሎ ለሳምንታት ያቆየዋል። ደራሲው ሄሚንግዌይ እንኳ አንባቢውን ጂም ሲሰረቅ አቁም ያለው ወዶ አይደለም። ይህንን ለልጄ አልነገርኩትም።

"አንብብ" አልኩት። "አርብ ማታ እደርሳለሁ።"