ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ሞቷል የተባልኩ ሰሞን

መኪናዬ የ2003 ኮሮላ ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ባለ 1.6 ሞተር። ከጥምቀት በኋላ አመሏ ተበላሸ። ስትሄድ ደህና ናት። አደባባይ ላይ ስቆም ግን ሚኒሞዋ፣ ጋዝ ሳልረግጥ የሞተሩ አዟዟር ማለቴ ነው፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ሊጠፋ ይልና ይመለሳል። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ክላክሱን ያንባርቀዋል። ሳምንት ሳይሞላ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ማሽኑን ሰካ፤ ፒ0171 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ። አየሩ በዝቶ ነዳጁ አነሰ ማለት ነው። ከዚያ እኔን ጎኑ አስቀምጦ የባሕር ዳሩን የቤዛዊት ዳገት በሙሉ ጋዝ ወጣ። «አየሽ እህቴ፣ በሰከንድ የሚገባው አየር ከመደበኛው በታች ነው። ኤር ፍሎው ሴንሰሩ ሞቷል።» አዲሱ 12,000 ብር። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ኮዱ እኮ የሴንሰሩን ስም አልጠራም። «መደበኛ» የተባለውስ የየት አገር ቁጥር ነው? ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሴንሰሩ ደግሞ የሚለካው የአየሩን ክብደት ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የምትግል ቀጭን ሽቦ አለች፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል። ግለቷን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ነው ልኬቱ። አየሩ ከሳሳ ቁጥሩም ያንሳል። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ የጅቡቲን አየር መጠበቅ ምን ይባላል?

ቅዳሜ ጠዋት ቦኔቱን ከፈትኩ። የሴንሰሩ ሶኬት ላይ አምስት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ የአየሩን ሙቀት ለሚለካው ናቸው። ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ በቴስተር ለካሁ። 12 ቮልት ይመጣል፣ ግራውንዱም ደህና ነው። ቀጥዬ ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ሴንሰሩን አወጣሁት፣ ሶኬቱን ሳልነቅል። የሲግናሉን ሽቦ በመርፌ ከኋላ ነክቼ በፀጉር ማድረቂያዬ ነፋሁበት፣ በቀዝቃዛው። ቮልቱ ወጣ። ሳጠፋው ወረደ። ባለቤቴ በመስኮት አይቶኝ «ፀጉሯን አጠብሽላት እንዴ?» አለኝ።

ሽቦዋ ላይ ትንሽ የጢስ ዓባይ አቧራ ነበር። ለእሷ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ አጠብኳት። በጥጥም በጣትም መንካት የለም፣ ትበጠሳለች። መልሼ ገጠምኩት። ሚኒሞው ያው!

ከጎረቤቴ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የምትገናኝ ትንሽ ኦቢዲ፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የምታነብ መሣሪያ፣ ተዋስኩ። በሚኒሞ ኮምፒውተሩ 24 በመቶ ነዳጅ እየጨመረ ነው። 2,500 ዙር ላይ ስይዛት ወደ 6 ወረደ። ይቺን ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ። ሴንሰሩ ቆሽሾ ቢሆን ጋዝ ስሰጥ ይብስ ነበር። በሚኒሞ የሚብስ ከሆነ በጓሮ፣ ሴንሰሩን ሳያልፍ፣ የሚገባ አየር አለ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው ጥቂት ስለሆነ ሾልኮ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ነው፤ ጋዝ ሲሰጥ ግን ይዋጣል። ሴንሰሩ ምን ያድርግ፣ በፊት በር የገባውን ቆጥሮ ተናግሯል።

ከሞተሩ ክዳን ወደ ማኒፎልድ፣ አየሩን ለሞተሩ ወደሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ የምትሄድ ጣት የምታክል የጎማ ቱቦ አለች። ከላይ ስትታይ ጤነኛ ናት። እጄን ከታች ሰድጄ እጥፋቷን ስዳብስ ስንጥቁ ጥፍሬን ያዘው። በፒንሳ ቆነጠጥኳት። ሚኒሞው ወዲያው ጸጥ አለ።

አዲሷን ቱቦ በ250 ብር ገዛሁ። 24 የነበረው 3 ሆነ፤ መብራቱን አጠፋሁት፣ ተመልሶ አልበራም። እሁድ ኦቢዲውን ሳልመልስ ቤዛዊትን በሙሉ ጋዝ ወጣሁ። ቁጥሩ ያው ልጁ ያሳየኝ ቁጥር ነው።