በብስክሌት ሥራ ለምትሄዱ፦ ቁርሳችሁን ለሁለት ክፈሉት

ከጀሞ አራት ኪሎ በብስክሌት ሥራ እመላለሳለሁ። መንገዱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጠዋት ዳገት፣ ማታ ቁልቁለት። ስለ ብስክሌቱ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በስንት ገዛኸው፣ መለዋወጫው የት ይገኛል፣ መኪናው አያስፈራህም ወይ ይሉኛል። ምን በልተህ ትወጣለህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም ስጀምር የሚያስጠነቅቀኝ አላገኘሁም፤ አውቃለሁ ብሎ የመከረኝም የመከረኝ ተቃራኒውን ነበር። አዲስ የሚጀምር ሰው እኔ ያየሁትን እንዳያይ ነው ይህን የምጽፈው።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ብስክሌቱን ያገለገለ ገዛሁ፣ ፍሬኑን አስቀየርኩ፣ ሄልሜት አደረግኩ፣ ቅያሪ ሸሚዝና ፎጣ ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። እግር ቶሎ ይለምዳል። መቀመጫውም መጀመሪያ ያሳምማል፣ ከዚያ ይተዋል። የቁርስ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አይደለም።

መሥሪያ ቤታችን ስለ ጤናማ አኗኗር የግማሽ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር። አሠልጣኙ የሥነ ምግብ ባለሙያ ተብለው የመጡ ሰው ናቸው። በብስክሌት እንደምመጣ ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ከመቀመጫዬ አስነሱኝና ለተሰብሳቢው አስጨበጨቡልኝ። ከዚያም «ጠዋት በባዶ ሆድ ንዳ። ሰውነት ስኳር ሲያጣ ወደ ቦርጭ ስብ ይዞራል። ቁርስ ከደረስክ በኋላ» አሉኝ። ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ዳገት አለው ወይ፣ ማታ ምን ትበላለህ፣ ስኳር በሽታ በቤተሰብ አለ ወይ፣ አንዱንም አልጠየቁኝም። ባለሙያ ናቸውና አመንኳቸው። ከማግስቱ ጀምሮ አንድ ስኒ ቡና ያለ ስኳር እየጠጣሁ መውጣት ያዝኩ።

ለጥቂት ጊዜ ደህና ነበር። ሜዳ ሜዳውን በዝግታ ለሚነዳ ሰው ባዶ ሆድ ብዙም ላያስቸግር ይችላል። ጡንቻ የራሱ ስንቅ አለው። ጉበት ያከማቸው ስኳር ግን ሌሊቱን ሙሉ የደማችንን ስኳር ደረጃውን ሲያስጠብቅ ያድራልና ጠዋት በብዛት ቀንሶ ይገኛል። በዚያ ላይ እራት ቀላል ከሆነ፣ በዚያ ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ ዳገት ከተጨመረ፣ ሒሳቡ አንድ ቀን ይጎድላል።

የጎደለብኝ ዓርብ ቀን ነው። ሐሙስ ማታ ደክሞኝ ሻይ በዳቦ በልቼ ነበር የተኛሁት። መካኒሳን፣ ሳር ቤትን፣ ሜክሲኮን በደህና አለፍኩ። ካዛንቺስ ያኔ ገና አልፈረሰችም ነበር፤ ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብዬ ዋናውን መንገድ ሽሽት ውስጥ ለውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ ማዛጋት መጣብኝ። ቀጥሎ ያለምክንያት ንዴት፤ ከፊቴ የቆመ ሚኒባስ ላይ ጮህኩበት። ከዚያ ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ተሰማኝ፣ ፍሬን የያዙት ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ዓይኔን ጭልም አደረገኝ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ እንደ ምንም የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ጀበና ቡናና ሻይ የሚሸጡ እናት ነበሩ። አንዴ አዩኝና «ልጄ፣ ምን በልተህ ወጣህ?» አሉኝ።

«ምንም፣ እማማ። ቡና ብቻ።»

«ባዶ ሆድህን ነው ይህን ዳገት የምትወጣው? በል ያዝ!» ብለው ሻዩን በስኳር አጥብቀው ሰጡኝ፤ ከራሳቸው ዳቦም ቆረሱልኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ፣ ዓይኔ ተገለጠ። ሒሳብ ስላቸው «ሂድ፣ እናትህ ይጨነቃሉ» አሉኝ። አሁን ያ ሰፈር የለም፤ እሳቸውም የት እንደሄዱ አላውቅም። ባገኛቸው እጃቸውን እስማለሁ።

ቢሮ ደርሼ ስናገር የሥራ ባልደረቦቼ ደነገጡና ካልታየህ ብለው አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ካርድ ወጣ፣ ተከፈለ፣ ረጅም ሰዓት ተጠበቀ። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ ምን ያምሃል አለኝ፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድካም ስል የላቦራቶሪ ወረቀት ሞልቶ ሰጠኝ። ውጤቱ «ታይፎይድና ታይፈስ» ሆኖ ተመለሰ። ትኩሳት አልነበረኝም። ሆዴን አላመመኝም። ሻይ በስኳር ጠጥቼ እንደተሻለኝ ለመናገር ስሞክር አቋረጠኝ። የታዘዘልኝ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ነው። በስተመጨረሻም «ብስክሌቱን ተወው፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ለብስክሌት አይሆንም» አለኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። በከፍታ የሚኖር ሰው ብስክሌት መንዳት ይችላል፤ ሳይበላ ዳገት መውጣት ነው የሚከብደው።

ከጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዶ ስኳር መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መሣሪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላደረገውም። እርግጥ እኔ ሻዩን ጠጥቼ ስለመጣሁ ቁጥሩ ተስተካክሎ ይገኝ ይሆናል፤ ግን ጥያቄውስ? «ምን በልተህ ወጣህ?» የሚለውን ሻይ የሚሸጡት እናት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው ጠየቁኝ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰው ጨርሶ አልጠየቀኝም። ያ ለታይፎይድ የተሠራልኝ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራም ብቻውን ታይፎይድ አለብህ ለማለት አይበቃም። የሚፈልገው ጀርሙን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከዚህ በፊት በበሽታው የተያዘ ወይም ለሌላ ተመሳሳይ ነገር የተጋለጠ ሰው ጤነኛ ሆኖም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። እንደኛ ታይፎይድ በሚገኝበት አገር አንዴ ብቻ ተሠርቶ ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም፤ የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን ከደም አሳድጎ ማየት ነው። መድኃኒቱን ከመግዛቴ በፊት ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሷ ትኩሳቴን ለካች፣ ስለ እራቴና ስለ ቁርሴ ጠየቀችኝ፣ ስኳሬን በሌላ ቀን በባዶ ሆዴ አስለካችኝ፣ ደህና ነበር። አንቲባዮቲኩን አያስፈልግህም አለችኝ። ስንቱ ሰው እንዲህ በርሃብ ተንቀጥቅጦ የታይፎይድ መድኃኒት እየዋጠ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ ቁርሱን ራሴ አጥንቼ አስተካከልኩት።

ጨጨብሳ ከሁሉ በፊት የሞከርኩት ነው፣ ምክንያቱም ከሁሉ የምወደው ነው። ቂጣው በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ፣ ከላይ ማር ፈሶበት፣ አንድ ሳህን በልቼ ወጣሁ። ሳር ቤት ሳልደርስ ደረቴ መቃጠል ጀመረ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ መሪው ላይ ስታጎነብስ ደግሞ ሆድህ ይታጠፍና በርበሬው ከነአሲዱ ወደ ላይ ይመጣል። እንቁላል በቃሪያም እንዲሁ ነው። ፉል ይነፋል። ገንፎ ኃይል ይሰጣል፣ ግን እሱን በልቶ ወዲያው ለመንዳት የሚችል ሆድ የለኝም። ሻይ በዳቦ አይከብድም፣ ቶሎም ይደርሳል፤ ብቻውን ግን ለዳገቱ አነሰኝ።

የስፖርት ምግብ መመሪያዎች ከእንቅስቃሴ በፊት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ብሉ ይላሉ። ሁለት ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ብሉ የሚለውን ምክርም ከብዙ ሰው ትሰማላችሁ። ይህ ለውድድር ለሚዘጋጅ አትሌት ጥሩ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ለሚወጣ ሠራተኛ ግን ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስተህ ብላ ማለት ነው። እኔ አልቀበለውም። እንቅልፍም ምግብ ነው። የኔ ምክር ቁርስን ለሁለት መክፈል ነው፦ ቀላሉን፣ ጣፋጩን፣ ቅባት የሌለውን ከመውጣታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት፤ ትክክለኛውን ቁርስ ከደረሳችሁ በኋላ።

ለመጀመሪያው ክፍል ከበሶ የሚበልጥ አላገኘሁም። አባቶቻችን ለዘመቻና ለረጅም መንገድ ስንቅ ያደረጉት በምክንያት ነው፤ ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፣ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም። ታሽጎ ከሚሸጠው ይልቅ በቤት የተዘጋጀውን ፈልጉ። ገብሱ በደንብ ተፈትጎ ገለባው ካልወጣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ከልክ በላይ ከተቆላ ይመርራል። ጥሩ በሶ በሁለት ጣት ሲታሽ እንደ ፓውደር ይለሰልሳል፣ ሽታው የቆሎ ነው፣ መልኩ ቀላ ያለ ቡኒ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሃይላንድ ውስጥ መጀመሪያ ውኃውን አድርጉ፤ በሶውን ካስቀደማችሁ ታች ይጓጉልና አይፈታም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ለብ ባለ ትንሽ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ የጨው ቁንጥር፣ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ። ክዳኑን አጥብቃችሁ በኃይል ነቅንቁ፣ ወዲያው ጠጡት። ለአሥር ደቂቃ ከቆየ ይወፍራል፣ መጠጥነቱ ይቀርና ገንፎ መሆን ይጀምራል። በሶውና ማሩ አንድ ላይ ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ስትጨምሩበት 25 ግራም ያህል ይታከላል። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ አንድ ግራም ማለት ነው፤ መመሪያው ከሚለው ዝቅተኛ መጠን ላይ ሌሊት ሳልነሳ ደረስኩ። ማር ከተወደደባችሁ ስኳር አድርጉ። በየክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ስኳር ቀንሱ የሚለው ምክር ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ትክክል ነው፤ ዳገት ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ለቀረው ሰው የተጻፈ አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች ብቻ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ይህን ከሐኪማችሁ ሳትነጋገሩ አታድርጉ።

ቡናውን አልተውኩም። ከበሶው በኋላ አንድ ስኒ እጠጣለሁ፤ ብቻውን ግን ቁርስ አይባልም።

በጾም ጊዜ በሶው አይቀየርም፣ ቅቤም ወተትም የለበትምና። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምጾምባቸው ቀናት ግን ብስክሌቱን ቤት ትቼ በታክሲ እሄዳለሁ። ጾሜን ለብስክሌት ብዬ አላፈርስም፤ ዳገት ላይ ወድቄ ቤተሰቤንም አላስለቅስም። በረመዳን የሚነዳ ጓደኛ አለኝ፤ ሱሑር ስለሚበላ ጠዋት ከኔ የተሻለ ጉልበት አለው። የሚከብደው ማታ ነው፣ ውኃ ሳይጠጣ ውሎ መመለሱ። እሱም አንዳንድ ማታ ብስክሌቱን ቢሮ ማሳደር ጀምሯል።

ሁለተኛው ቁርስ ሲመጣ ግን አትቆጥቡ። ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ታጥቤ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ሥራ እስኪገባ ምሳ ዕቃዬን እከፍታለሁ። በአዘቦት ቀን እንቁላል በእንጀራ ወይም ቅንጬ በቅቤ፣ ረቡዕና ዓርብ የሽሮ ፍርፍር። ጨጨብሳዬንም የምበላው ያኔ ነው፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ። ይህን የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በበሶው ብቻ ሊውሉ ይሞክሩና አራት ሰዓት ላይ ሳምቡሳና ለስላሳ ላይ ይዘምታሉ፣ ከዚያ ብስክሌት ያስርባል ብለው ያወራሉ።

ክረምት ሲገባ ቀዝቃዛ በሶ ለሆድ ይከብዳል። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ በአጃ አጥሚት እተካዋለሁ፤ ቀጠን ተደርጎ፣ በማር፣ ማታውኑ ተሠርቶ ፔርሙዝ ውስጥ ያድራል። ጠዋት አንድ ትልቅ ኩባያ ይበቃል። የተረፈውን ከነፔርሙዙ ይዛችሁ ውጡ፤ ዝናብ መንገድ ላይ ቢይዛችሁ የሆነ በረንዳ ሥር ቆማችሁ ትጠጡታላችሁ።