የጣና ዳር ልጆች ምዝገባና አንቀጽ 41

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት የተሻረው በ1954 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው የብራውን ፍርድ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን በሚሊከን ክርክር የዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች 5 ለ 4 ተከፍለው የዲትሮይትን ልጆች በዙሪያዋ ካሉ 53 የትምህርት ወረዳዎች ጋር ማቀላቀልን ከለከሉ፤ ወረዳዎቹ በመለየቱ ጥፋት መፈጸማቸው አልተረጋገጠም በሚል። ብዙ ነጮች ቀድመው ከከተማዋ ወጥተው ስለነበር የወረዳ ወሰኑ ብቻውን ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለየ። ለባሕር ዳር የነገደ ወይጦ ልጆች የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሚለያቸው ሕግ ሳይሆን መኖሪያና ወረቀት ነው።

ነገደ ወይጦ በጣና ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከተማዋ ስትሰፋ ከዳርቻው ተገፉ። ከሠፈሩ የተነሳ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ማደስ ይቸግረዋል፤ ያለ መታወቂያ የልደት ምዝገባው ይጓተታል (ሕጉ የሚሰጠው 90 ቀን ነው)፤ ልጁም ለትምህርት ሲደርስ ወረቀት ይጎድለዋል። ወረቀቱ ቢሟላ እንኳ ነገዱ ስለሚናቅ ዴስክ የሚጋራው ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ መቀመጫውን መምህሩ ራሱ ደልድሎ በየወሩ ያቀያይር። «የፈለጋችሁበት ተቀመጡ» ከተባለ የመንደሩ ንቀት ክፍል ይገባል፤ ይህን ዝም ብሎ ማየት በደል ነው።

ልጅ ምዝገባ ሲከለከል ለሚቀርበው አቤቱታ አንዳንዶች የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 89(4) ያስቀድማሉ። እኔ 41(3)ን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ወደኋላ ለቀሩ ብሔረሰቦች ድጋፍ የሚል የፖሊሲ ዓላማ ስለሆነ፣ ቡድኑ እውቅና አለው ወይስ የለውም ወደሚል ሙግት ይጎትታል። ሁለተኛው በመንግሥት ገንዘብ በሚሰጥ አገልግሎት እኩል የመጠቀም መብት ነው፤ ዜጋ መሆን ይበቃል።

ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያበላሸው የቃል ልመና ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ መስከረም ያልፋል፣ «ክፍሉ ሞልቷል» ይባላል፤ በእጅ የቀረ ማስረጃ የለም። ገና በሐምሌ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለርዕሰ መምህሩ መስጠት፣ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም ማስመታት ይሻላል። እምቢታውም በጽሑፍ ይጠየቅ። ከዚያ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ የከተማው ትምህርት መምሪያ። እዚያም ካልተፈታ እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ሰብአዊ መብት ኮሚሽን አለ፤ ሁለቱም አቤቱታ በቃል ይቀበላሉ፣ ክፍያ የለውም። ይህ ፊደል ላልቆጠረ ወላጅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ከሚቆም የአምስት ስድስት ልጆች ወላጆች በአንድ ማመልከቻ ይፈርሙ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም አንቀጽ 37 የጋራ ጥቅም ያለውን ቡድን ወክሎ መክሰስን ይፈቅዳል።